ጥርሱን ያልጣለ፣ ቃሉን ያልበላ

የሚዛን ወጣት ጸሐፊዎች፣ መምህራን፣ ከቴፒና ከቦንጋ መንገዱን ችላችሁ የመጣችሁ የንባብ ወዳጆች፤

ጋባዦቼ ስለ ልብ ወለድ ገጸ ባሕርያት እንድናገር ሲጠይቁኝ ርእሱን ለእኔ ትተውልኛል። ስለ ጨዋው ጭራቅ ልናገር መረጥሁ። መልኩ የአውሬ ነው፣ ክንዱ የጦረኛ ነው፣ ነገር ግን ሕግ አለው፤ ለሕጉ ሲል ይራባል፣ ለሕጉ ሲል ይታገሣል፣ ፍቀዱልኝ ብሎ ይለምናል። ዛሬ ወጣቶቻችን ይህን ገጸ ባሕርይ ከጃፓን ካርቱንና ከውጭ ፊልም ያገኙታል፤ ወደውታልም። መውደዳቸው ደስ ይለኛል። የሚያሳዝነኝ ባዕድ ነው ብለው ማሰባቸው ነው። ይህ ጭራቅ በአገራችን መጻሕፍት ውስጥ ከጥንት ጀምሮ አለ፤ በእናንተ ደን ውስጥም ዱካው ይታያል። የዛሬው ነገሬ ይህ ነው። መጀመሪያ በልጅነት የምናውቀውን ጭራቅ አያለሁ፤ ቀጥዬ ወደ ግእዝ መጻሕፍት እገባለሁ፤ ከዚያ ወደ ከፋ፣ ወደ ቢጣ እወስዳችኋለሁ፤ በመጨረሻ ስለ አጻጻፉ እናገራለሁ።

ከልጅነታችን እንጀምር። በአባባ ተስፋዬ ተረት ያደገ ሁሉ አያ ጅቦን ያውቀዋል። ሆዳም ነው፣ ተላላ ነው፣ እንኮዬ ጦጢት እንደ ልቧ ታታልለዋለች። ጭራቁ ደግሞ ከጅቡም ይብሳል። «ጭራቅ መጣልህ!» ሲባል ስንቶቻችን በጋቢ ተጠቅልለን ትንፋሻችንን ውጠናል። እስቲ አሁን በአዋቂ ዐይን እንየው። ይህን ጭራቅ ማን አሳደገው? የማይነካው ነገር አለ? ቃል የገባለት ሰው አለ? ተረቱ መልስ የለውም። ጭራቁ ከሆድ በቀር ምንም የለውምና። እንዲህ ያለ ጭራቅ ሕፃን ያስተኛል፤ አዋቂ አንባቢን ግን ነቅቶ እንዲያድር አያደርገውም።

ከዚህ አንድ እርምጃ የራቀ ታሪክ በተአምረ ማርያም አለ፤ የበላዔ ሰብ ታሪክ። 78 ነፍስ የበላ ሰው ለአንድ የተጠማ ለምጻም በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠ፤ ነፍሱም በዚያች ጥርኝ ውኃ ዳነች። ታላቅ ታሪክ ነው። ዳሩ ግን በላዔ ሰብ ጦረኛ አይደለም፤ ሥርዓት ይዞ የኖረም አይደለም። የዳነው በአንዲት ቅጽበት ምሕረት ነው። እኛ የምንፈልገው ዕለት ዕለት ራሱን የሚገዛውን ጭራቅ ነው።

እርሱን የምናገኘው በገድለ ሐዋርያት ነው። እዚህ አዳራሽ የተለያየ እምነት ያለን ሰዎች ተቀምጠናል፤ ልሰብክ አልቆምሁም። እንደ ደራሲ ታሪኩ እንዴት እንደተሠራ ላሳያችሁ ነው። ገድለ ሐዋርያት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰ ጥንታዊ መጽሐፍ ነው። ዋሊስ በጅ የተባለው እንግሊዛዊ የግእዙን ንባብ እ.ኤ.አ. በ1899፣ የእንግሊዝኛውን ትርጉም በ1901 ለንደን ላይ አሳትሞታል፤ ስለዚህ በሌላው ዓለም ያሉ የጭራቅ ታሪክ አጥኚዎች ጭምር ያውቁታል። እኛ ልጆቹ ግን በልብ ወለዳችን አልተጠቀምንበትም።

ታሪኩ እንዲህ ነው። እንድርያስና በርተሎሜዎስ አልቀበልም ወዳላቸው ከተማ ይላካሉ። በዚያን ጊዜ ከሰው በላዎች አገር አንድ ፍጡር ይመጣላቸዋል። ቁመቱ አራት ክንድ ነው። ፊቱ እንደ ትልቅ ውሻ ፊት፣ ዐይኖቹ እንደሚነድ ፋና፣ ጥርሶቹ እንደ ከርከሮ ጥርስ። የእጁ ጥፍር እንደ ማጭድ የቆለመመ፣ የእግሩ ጥፍር የአንበሳ፣ ጠጉሩ እንደ አንበሳ ጋማ በክንዱ ላይ የተኛ። ከርከሮ በቡና ማሳው ሲያልፍ ያየ የዚህ አገር ሰው ያ ጥርስ ምን ማለት እንደሆነ አይነገረውም።

አሁን ልብ በሉ። ይህ ፍጡር ከሐዋርያቱ ጋር ከመገናኘቱ በፊት መልአክ ያገኘዋል፤ እሳት ይከበዋል፤ ተከተላቸው ይባላል። እሺ ከማለቱ በፊት ስለ ረኃብ ያነሣል። ሰው በልቶ የኖረ ነውና ረኃብ ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ ያስጨንቀዋል። መልአኩም የሰው ባሕርይ እንደሚሰጠው፣ የአውሬው ባሕርይ እንደሚያዝለት ይነግረዋል። እኔ ይህን ክፍል ባነበብሁት ቁጥር እደነቃለሁ። ተራ ደራሲ ቢሆን ጭራቁን ወዲያው አስለቅሶ፣ ወዲያው አስመንኩሶ ያሳልፈው ነበር። ይህኛው ግን ራሱን ያውቃል። ድክመቱን ያውቃል። ቃል ከመግባቱ በፊት ቃሉን የሚያፈርስበትን ነገር ይናገራል። ጨዋነት ከዚያ ይጀምራል።

ሐዋርያቱ ሲያዩት ደነገጡ፤ መጽሐፉ ድንጋጤያቸውን አይደብቅም። የቀድሞ ስሙም አስቀያሚ ነበር፤ አዲስ ስም አወጡለት። ፊቱን ግን አልለወጡለትም። ይህን ደግሜ እላለሁ፤ ፊቱ አልተለወጠም። ጥርሱም ጥፍሩም አብሮት ነው። ከተማው ሊገቡ ሲሉ ሰዎች አይተውት እንዳይሸበሩ ፊቱ ይሸፈናል። እስቲ ያንን ጉዞ በዐይነ ሕሊናችሁ ሳሉት። ሁሉን ሊሰባብር የሚችል ግዙፍ ፍጡር፣ ጨርቅ ፊቱ ላይ ጥሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ካልታጠቁ መንገደኞች ኋላ ይሄዳል። ስለ ጨዋ ጦረኛ ብዙ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የበለጠ ሥዕል ግን አላስታውስም።

ከተማው ውስጥ ሐዋርያቱ ይያዛሉ፤ ሕዝብ ይሰበሰባል፤ አራዊት ይለቀቁባቸዋል። ጭራቁ በዚህ ሰዓት ምን አደረገ? ዘሎ አልገባም። ጠየቀ። የቀድሞ ባሕርዬ ይመለስልኝ ብሎ ለመነ። ሐዋርያቱ ጸለዩ፤ ተመለሰለት፤ ፊቱን ገለጠ። አራዊቱን ገነጣጠላቸው። ከሕዝቡም ብዙው በድንጋጤ ብቻ ሞተ። ከተማው ምሕረት ሲለምን ሐዋርያቱ እጃቸውን ጫኑበት፤ እንደገና ገራም ሆነ። ሲለቀቅ በፈቃድ፣ ሲያቆም በፈቃድ።

የዚህ ታሪክ ወንድም በስንክሳር አለ፤ ኅዳር 25 ቀን በቅዱስ መርቆሬዎስ ዕለት ይነበባል። ሁለት ገጸ ከልባት፣ ማለትም የውሻ ፊት ያላቸው ፍጡራን፣ የመርቆሬዎስን አያት ይበላሉ፤ አባቱንም ሊበሉ ሲሉ መልአክ ይከለክላቸዋል፤ ተገርተው ለአባትየው ይሰግዱና ከቤተሰቡ ጋር ይኖራሉ። ጦርነት ሲመጣ ግን የጥንት ባሕርያቸው ይመለሳል፤ ፊታቸው የሚቆም አይገኝም። አንድ ነገር ልጨምር፤ ያ አባት የአባቱን ገዳዮች ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። በአንድ ጣራ ሥር እንዴት አደሩ? የመጀመሪያውን ማዕድ እንዴት ቆረሱ? ስንክሳሩ አይዘረዝርም። ከመካከላችሁ አንዱ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ ሊጽፍበት ይችላል፤ እኔ እንዲጻፍ አጥብቄ እመኛለሁ።

ይህ ሐሳብ በመጽሐፍ ብቻ የቀረም አይደለም። የካቲት 23 ቀን የአድዋን በዓል ስናከብር ጎፈር የደፉ፣ ለምድ የለበሱ አባቶችን እናያለን። የአንበሳ ጋማ በራስ ላይ፣ የአውሬ ቆዳ በትከሻ ላይ። ጎፈር ማንም ገዝቶ የሚደፋው አልነበረም፤ በጀግንነት የሚገኝ ክብር ነበር። ጦረኛው ሲፎክር አንበሳ ነኝ፣ ነብር ነኝ ይላል። ዘመቻው ሲያበቃ ግን ያው ሰው ተመልሶ ያርሳል፣ ልጅ ይድራል፣ በሽማግሌ ፊት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል። አውሬነቱ ጊዜና ቦታ ተቈርጦለት ነበር ማለት ነው። ከዚያ ጊዜና ቦታ ውጭ አውሬ የሆነውን ሽፍታ ይለዋል እንጂ አገሬው ጀግና አይለውም።

አሁን ወደ እናንተ አገር ልምጣ። ሁለት ነገር አለኝ፤ አንዱ ከባድ ነው።

ከባዱን ላስቀድም። ጭራቅን በልብ ወለድ መፍጠር አንድ ነገር ነው፤ ጎረቤትን ጭራቅ ማድረግ ሌላ ነው። በአገራችን ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን ቡዳ ናቸው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ ብለን ኖረናል። ማረሻውን ከእርሱ ገዝተን፣ ጀበናውን ከእርሷ ገዝተን፣ ልጆቻችንን ከልጆቻቸው እንዳይጫወቱ ከለከልን። በከፋና በሸካም ማንጆዎች የማይበላ አውሬ ይበላሉ እየተባሉ ከማዕድ፣ ከጋብቻ፣ ከደጃፍ ተገልለው ኖረዋል። እነዚህ ሰዎች እስከ 1897 እ.ኤ.አ. በቆመው የከፋ ንጉሣዊ መንግሥት በድንበር በሮች ላይ ዘብ ይቆሙ ነበር፤ ደኑን እንደ እጃቸው መዳፍ የሚያውቁ አዳኞች ነበሩ። አገር በእነርሱ ተጠበቀ፤ አገር ግን በአንድ ማዕድ አላስቀመጣቸውም። ስለዚህ ወጣት ጸሐፊዎች ሆይ፣ አደራ። ጭራቃችሁን ስትፈጥሩ በሕይወት ያለ ማኅበረሰብ ላይ የተለጠፈ ስም አንሥታችሁ አትለጥፉበት። ጨዋ ጭራቅ ብታደርጉትም አይካስም፤ ሰው ነውና ሲጀመርም ጭራቅ መባል አልነበረበትም።

ሁለተኛው በዕድሜ ከፍ ያላችሁ የምታስታውሱት ነው። ሰኔ 1997 ዓ.ም. ከዚሁ ከጎረቤታችሁ ከከፋ፣ ከቢጣ ገነት አካባቢ አንድ ዜና ወጣ፤ ዓለምን ዞረ። አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ለጠለፋ ጋብቻ በሰዎች ተወሰደች፤ ተደበደበችም። ፖሊስና ቤተሰብ ሲፈልጓት ያገኟት ሦስት አንበሶች አጠገብ ነበር። አንበሶቹ ጠላፊዎቿን አባርረው፣ ልጅቱን ሳይነኩ ጠብቀው፣ ሰዎቹ ሲደርሱ ወደ ደኑ ገቡ ተብሎ ተዘገበ። አገሬው ተአምር ነው አለ። አንድ የዱር እንስሳት ባለሙያ ደግሞ ለቅሶዋ የአንበሳ ግልገል ድምፅ መስሏቸው ሊሆን ይችላል ሲል አስረዳ።

የአንበሶቹን ልብ ለባለሙያው እንተወው። እኔን የሚይዘኝ ሌላ ነገር ነው። ጠለፋን ለጠላፊው የሚያቀልለት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነበር፤ የጠለፋትን ካገባ ከክስ ይድን ነበር። ያንን ቀዳዳ የደፈነው አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ የዋለው ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው። የቢጣው ታሪክ የተሰማው በወሩ። ወረቀቱ ላይ ያለው ሕግ ገና ደኑ ድረስ አልዘለቀም ነበር። የሰው ፊት ያላቸው ሕግ አፈረሱ፤ የአውሬ ፊት ያላቸው ልጅ ጠበቁ። ሕዝቡ ዜናውን አንሥቶ ያልጣለው ለዚህ ይመስለኛል። የገጸ ከልባቱን ታሪክ ሲሰማ ያደገ ሕዝብ፣ አውሬ ሆኖ ወሰን የሚያውቅ ፍጡር ሲያይ ያውቀዋል።

ከአገር ውጭም ጥቂት እንይ፤ ለንጽጽር ያህል ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በቻይና በተጻፈው «ወደ ምዕራብ ጉዞ» ውስጥ ሱን ዉኮንግ የሚባል የዝንጀሮ ጦረኛ አለ። ሰማይን ያወከ አመፀኛ ነበር። አንድ መነኩሴ እንዲያጅብ ሲላክ ራሱ ላይ የወርቅ ቀለበት ይደረግበታል፤ ሲያጠፋ መነኩሴው ቃል ይደግማል፣ ቀለበቱ ይጠብቃል፣ ያሠቃየዋል። ጉዞው ሲያልቅ ቀለበቱን ሊያወልቅ ቢዳስስ የለም። በውጭ የነበረው ሥርዓት ወደ ውስጥ ገብቷል። ይህ ውብ አሠራር ነው።

በየከተማው ቪዲዮ ቤት የታየው «ፕሬዳተር»ስ? እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው፣ አርኖልድ ሽዋርዘኔገር የሠራበት። በጥቅጥቅ ደን ውስጥ ሰው የሚያድን የሌላ ዓለም ፍጡር ነው። ያልታጠቀችዋን ሴት አይነካም። መጨረሻ ላይ ጭምብሉንና መሣሪያውን ጥሎ በባዶ እጅ ይገጥማል። ብዙ ወጣቶች ይህን ዓይተው ክብር ያለው ጭራቅ ማለት ይህ ነው ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሲሸነፍ ምን አደረገ? ፈንጂውን ለኮሰ፣ ሳቀ፣ ደኑን ይዞ ጠፋ። ሕጉ የአዳኝ ሕግ ነበር፤ ለራሱ ኩራት የቆመ። የኩራቱ ጉዳይ ሲያበቃ ሕጉም አበቃ። የገድለ ሐዋርያቱ ባለ ውሻ ፊት ግን ለሌላ ሰው ቃል የገባ ነው፤ ቃሉን የሚጠይቀው አለ። ፕሬዳተርን ደስ ብሎኝ አየዋለሁ፤ ልጄን አደራ የምለው ግን ለባለ ውሻ ፊቱ ነው።

ወደ አጻጻፉ ልለፍ። ያነበብኋቸው አብዛኞቹ የጭራቅ ታሪኮች የሚወድቁት ሁለት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛው ማሳመር ነው። ደራሲው ጭራቁን ይወደዋል፤ ስለወደደው ያሳዝነዋል፤ መጨረሻ ላይ መልከ መልካም ጎልማሳ ያደርገዋል። ጥርሱ ከረገፈ በኋላ መታገሡ ምን ይደንቃል? መንከስ የማይችል አለመንከሱ አይነገርለትም። ጥርሱን ተዉለት። ስለቱን እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አንባቢው እየፈራው ይሂድ።

ሁለተኛው ሕጉን በንግግር ብቻ ማስቀመጥ ነው። «እኔ የተከበርሁ ተዋጊ ነኝ፣ ያልታጠቀ አልመታም» ይላል ጭራቁ፤ ያልታጠቀ ሰው ግን በታሪኩ ውስጥ አንዴም አይመጣበትም። ሕግ ዋጋ ሲያስከፍል ብቻ ነው ሕግ መሆኑ የሚታየው። ስለዚህ አስርቡት። ሕጉን ቢያፈርስ ማንም የማያይበት ቦታ አቁሙት። ጠላቱን ቁስለኛ አድርጋችሁ በእጁ ጣሉለት። ከዚያ ምን እንዳደረገ ጻፉ፤ ምን እንደተናገረ ሳይሆን። የእጁን ሁኔታ ጻፉልኝ፤ ጥፍሩ ወጣ ወይስ ተሰበሰበ?

የእናንተ አገር ደግሞ ለዚህ ታሪክ የተሠራ ነው። ዩኔስኮ የከፋን ደን እ.ኤ.አ. በ2010፣ የሸካን በ2012 በባዮስፌር ጥብቅነት የመዘገባቸው ለዛፋቸውና ለቡናቸው ነው፤ ለእኔ ለጸሐፊው ግን ደኑ ሕግ ያለበት ቦታ ነው። መጥረቢያ የማይገባባቸው የአምልኮ ደኖች አሉ። ለማር በኮቦ የተከፋፈለ ደን አለ፤ ባለቤቱ ቢሞት ለልጁ ይተላለፋል፣ የሰው ቀፎ በተሰቀለበት ዛፍ ሌላው አይወጣም። አጥር የለውም፣ ወሰኑ ግን ይታወቃል። ይህን ሕግ የሚጠብቅ ፍጡር ፍጠሩ። ጀርባው ሽበቶ የለበሰ ግንድ ይመስል፣ ክንዱ ጥቅጥቅ ጠጉር ይሁን፣ የመጥረቢያ ድምፅ ከሁለት ሸለቆ ማዶ ይስማ። አባቶች ቃል ያስገቡት ነው፤ ወሰን ያለፈውን ይቀጣል፣ በወሰኑ ያለውን አይነካም።

አሁን ወደዚያ ደን አንድ ሰው ላኩበት። ዛፍ ነጋዴ አትላኩ፤ ያ ቀላል ነው፣ አንባቢው ፍርዱን አስቀድሞ ያውቀዋል። አባቷ የሞተባት፣ ኮቦውን አጎቷ የቀማት ልጅ ላኩ። በሌሊት ትመጣለች፤ የምትወጣበት ዛፍ ትናንት የአባቷ ነበር፣ ዛሬ በስም የአጎቷ ነው። ቀፎው ስር ደርሳ እጇን ስትዘረጋ ያ ፍጡር ከጨለማው ይወጣል። የገባው ቃል የሰው ቀፎ እንዳይነካ መጠበቅ ነው። ቀፎው የማን ነው? አባቶች ያስገቡት ቃል ለዚህ ቀን መልስ አለው ወይ? ልጅቷን ቢመታ ቃሉን ጠበቀ ይባላል? ቢያሳልፋትስ በላው? ይህን ለመመለስ የቤንችን፣ የሸኮን፣ የሸካቾን፣ የከፋን፣ የመዠንግርን ሽማግሌዎች ስለ ውርስና ስለ ወሰን መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የሚሰጧችሁ መልስ አንድ አይሆንም፣ ታሪኩም የሚከረው እዚያ ላይ ነው።

አንድ የሥራ ምክር ልጨምርና ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ። ሽማግሌዎቹን ስታናግሩ በሚናገሩበት ቋንቋ ቅዱ፣ በዚያው ቋንቋም መጀመሪያ ጻፉት። በቤንችኛ የተነገረውን በቤንችኛ፣ በሸኪኖኖ የተነገረውን በሸኪኖኖ። ወደ አማርኛ መመለሱ ኋላ ይደርሳል። የፍጡሩን ስም ግን ስትመልሱ እንዳትለውጡት፤ ሽማግሌው በጠራው ስም ይጠራ። እነሆ፣ ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት እጅ አስቀድማ ተነሥታለች፤ ማይክሮፎኑን አቀብሉልኝ።